ወደ ውስጥ የሚባለው አዎ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ጎንደር እያለን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ፤ ከዚያ ወደዚህ አገር ለመምጣት ተራ ስንጠብቅ ትምህርቱ እንደ ዋዛ ቀረ። ቤርሼባ ከገባን በኋላ ደግሞ ዕብራይስጥ መልመድ መጣ፣ ከዚያ ሥራ። በስልክ ድምፅ መላክ እያለ ማን ብዕር ያነሣል? ስለዚህ የኋላውን ከፊት፣ የፊቱን ከኋላ ካደረግሁት ይቅር በሉኝ። እንደ ሆነው አድርጌ ለመናገር እሞክራለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው የጮኸው የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ነው። ዩድ አሌፍ ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ አሮጌ ስለሆነ ቤት ውስጥ መሸሸጊያ ክፍል የለውም። ሳይረን ሲጮህ ደረጃውን ወርደን፣ በሁለት ሕንፃ መካከል ወዳለው ሚክላት እንሮጣለን። ከመሬት በታች የተሠራ፣ በሩ ብረት የሆነ ሰፊ መሸሸጊያ ነው። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ልጆች በቀለም የሳሉት ትልቅ ዓሣ እዚያው አለ፤ አንድ ዓይኑ ተልጧል። ከዓሣው ሥር፣ እማማ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ አንድ ጎረምሳ ውሻውን አቅፎ ተቀምጧል። ድንገት እንባዬ መጣ። አጠገቤ ያለችው ሴት ሮኬቱን የፈራሁ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ። ለማስረዳት አፈርኩ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሳቅሁትን ያህል የትም ስቄ አላውቅም ብላት ማን ያምነኛል?

እማማ የሕንፃችን የታችኛው ቤት ይኖሩ የነበሩ ሴት ናቸው። ዝምድና የለንም፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ስለሚላቸው እኔም እማማ አልኳቸው። እሳቸው የመጡት ሕዝቡ በአንድ ጊዜ በአውሮፕላን ተጭኖ በመጣበት ጊዜ ስለሆነ ከእኛ ብዙ ዓመት ይቀድማሉ። ሆስፒታል ውስጥ ወለል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሁልጊዜ ከቤት ስለማይጠፉ የሕንፃው ኮሚቴ የሚክላቱን ቁልፍ ለእሳቸው ሰጥቷቸው ነበር። እሳቸውም ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይከፍቱና የሰፈራችንን ሴቶች ይጠራሉ። የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ የሱፍ ፍሬ አለ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛ የምትመጣም አትጠፋም። መጀመሪያ ወሬ ብቻ ነበር። የማን ልጅ ከጦሩ በፈቃድ መጣ፣ የማን ወገብ ታመመ፣ የመብራት ሂሳብ ለምን ጨመረ። በበጋ ላዩ እንደ እሳት ሲነድ እዚያ ታች ቀዝቀዝ ይላል። የእርጥበትና የአሮጌ ቀለም ሽታ ነበረው። ያ ሽታ አሁን አፍንጫዬ ሲገባ ወዲያው ደስ ይለኛል፤ ሳይረን እየጮኸ እንኳ።

እኔ በሩ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሲጠይቁኝ ፈገግ እላለሁ እንጂ አልመልስም። እማማ ደግሞ አይተውኝም።

«ይቺ ልጅ ምላሷን ጎንደር ረስታው መጣች እንዴ? በፖስታ ይላኩልሽ ልበላቸው?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን እስኪቃጠል ድረስ እቀላለሁ። ጥቁር ሰው አይቀላም የሚሉ ሰዎች እኔን አላዩም።

የምኖረው ከታላቅ እህቴና ከልጇ ጋር ነው። እህቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። እኔ ራሞት ሰፈር፣ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ልጅቷን ማንኛችንም በገባንበት ሰዓት እናያታለን። ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። እዚሁ አገር ተወልዳ፣ ከዕብራይስጥ ሌላ ቋንቋ አትናገርም። እኔ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። እኔ በዕብራይስጥ ካወራሁ ደግሞ «ዶዳ፣ እንደዚያ አይባልም» ብላ ታርመኛለች። ዶዳ ማለት አክስት ነው። ፊት ለፊታችን ባለው በር ከሩሲያ የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የእነሱም ልጅ እኩያዋ ናት። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ደረጃውን አብረው እየዘለሉ ሲወርዱ ሕንፃው ሁሉ ይሰማቸዋል።

አንድ ቀን በሰፈራችን ማትናስ፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ከኢሪያ ሰው መጣ። ኢሪያ የምንለው የከተማውን አስተዳደር ነው። ሰውየው መነጽሩን አናቱ ላይ የሰካ፣ ፈገግታው የማይጠፋ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። እንድንረዳው ብሎ ቃል በቃል እየረገጠ ያወራል። ትምህርት ሲከፈት የእኛ ልጆች፣ የኢትዮጵያውያኑ ማለቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል የሚገቡት እሩቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለብቻቸው በተዘጋጀ ክፍል እንደሆነ ነገረን። ሚኒባስ ይወስዳቸዋል። ዕብራይስጣቸው ይጠናከራል። ሲጠናከሩ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላሉ። በየመሀሉ «ቤሴዴር?» ይላል። እሺ ነው? ማለቱ ነው።

እኛ ደግሞ ያችን እናደርጋለን። ታውቋታላችሁ። ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላትን። ከንፈር ሳይከፈት፣ አዎ የምትለዋ ወደ ውጭ ሳትወጣ ወደ ውስጥ ትገባለች። ስልክ ስናወራ ካላልናት ያኛው ሰው «ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ፣ አንዷ ከዚህ አንዷ ከዚያ፣ ትንፋሻቸውን ይስባሉ። ሰውየው አመስግኖን ሄደ። እኛም ሴቶቹ እየተጨቃጨቅን ወጣን። የልጅን ዕብራይስጥ ማጠናከር ምን ማለት ነው? የእኔ ልጅ እኮ ከዕብራይስጥ ሌላ አታውቅም ትላለች እህቴ። ነገሩ ገና ሐሳብ ነው፣ እንነጋገርበታለን ብለን ነበር ያሰብነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ እህቴ ልጇን ለማስመዝገብ እዚሁ መንገድ ተሻግሮ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለችው።

«ተመዝግባለች አለችኝ ጸሐፊዋ» አለች። «የት ብላት፣ እዚያ እሩቁ ክፍል አለችኝ። ማን መዘገባት ብላት፣ እናንተው ተስማምታችኋል አለችኝ።»

«ማን ተስማማ?» አልኳት።

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኳት! ሰውየው ስብሰባ ላይ ሁሉም ወላጅ አዎ ብሏል ብሎ ነግሮናል አለችኝ። አንቺ አዎ ብለሻል?»

«እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?»

ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እህቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር የቀለም ወረቀት እየቆረጠች፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ ማን መስኮት ዳር እንደሚቀመጥ ይከራከራሉ። አንድ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ለእነሱ ያለቀ ነገር ነበር።

በዚያ ሐሙስ ሚክላቱ ሞላ። የሁሉም ታሪክ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አዎ ያለችውን መፈለግ ተጀመረ።

«አንቺ ነሽ! ፊት ወንበር የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ? እኔ እኮ አፌ ውስጥ ብስኩት ነበር!»

«ብስኩቱን ማን ሰጠሽ? እሱ አይደል የሰጠሽ? በብስኩት ነው የሸጥሽን!»

ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር ነው። እማማ ዝም ብለው የሱፍ ፍሬያቸውን ይሰብራሉ። ያን ቀን አንዷ ጎረቤታችን ጠበቃ የሆነች የእህቷን ልጅ ይዛ መጥታ ነበር። በመብት ጉዳይ ከሚሠራ ማኅበር ጋር ትሠራለች። እዚህ አገር የተወለደች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሁሉንም ነገር የምትደፍር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ብቻ አንካሳ ነው። እማማን «አንተ» ብላ ጀመረች፤ ሲስቁባት «አንቺ» አለቻቸው፤ «እርስዎ» እስክትደርስ ብዙ ቆየች። እማማ ግን ወደዷት። «ተዉአት፤ የፈለገችውን ትበለኝ፣ ነገሩን ትንገረን» አሉ።

ጠበቃዋ ማስረዳት ጀመረች። ልጆችን በመጡበት አገር ለይቶ ለብቻ ማስቀመጥ ሕጉ እንደማይፈቅድ፣ ለእነሱ ጥቅም ነው ቢባልም እንኳ፣ ወላጅ ካልተስማማ ደግሞ ጭራሽ እንደማይቻል ትናገራለች። እማማ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ልጅቷ ንግግሯን ቆረጠች።

«እማማ፣ አሁን ምን አሉ?»

«እኔ? ምን አልኩ?»

«አዎ አሉ።»

«መቼ? አንቺ እያወራሽ እኔ ምን አፌን እከፍታለሁ? ባለጌ ነኝ?»

«እንደዚህ አሉ» ብላ ልጅቷ ራሷ ትንፋሿን ሳበች።

ከዚያ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ሳቁ ፈነዳ። ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ በእሱ ላይ ደግሞ እንስቃለን።

«ኧረ የኔ ዓለም፣ ይቺ አዎ ማለት አይደለችም!» አሉ እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ ማለት ናት። ብቻሽን እንዳታወሪ ብዬ ነው።»

ጠበቃዋ ግን አልሳቀችም። «እናቴም እንዲህ ትላለች» አለች። «ልጅ ሆኜ ጫማ ግዢልኝ ስላት እንዲህ ትልና ከዚያ አትገዛልኝም። ውሸታም ናት ብዬ ስንት ጊዜ አለቀስኩ።» ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ የቀረበ ነበር።

እንግዲህ አዎ ያለችው ተገኘች። ሁላችንም ነበርን።

ሰውየውን እንደገና ለማግኘት ጠበቃዋ ቀጠሮ ያዘች። እስከዚያ ድረስ ሚክላት ውስጥ ልምምድ ሆነ። ሐሳቡ ያቺን ትንፋሽ መተው ነበር። ሰውየው ሲያወራ ዝም ማለት፣ ፊትን አለማንቀሳቀስ፣ ምንም አለመሳብ። ሰውየውን የሚሆን ሰው ሲፈለግ እማማ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ይቺ ትሁን። ስናወራት ፊቷ አይንቀሳቀስም፤ ልክ እንደ ቢሮ ሰው።»

የፀሐይ መነጽር አናቴ ላይ ሰኩልኝ። ቆሜ በዕብራይስጥ «ልጆቻችሁን እናጠናክራለን፣ ቤሴዴር?» እላለሁ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣም። «ኢሪያው ምሳ አልበላም!» ይሉኛል ከኋላ። ትንሽ ጮክ ስል ከፊት መስመር ያለችው ትንፋሿን ሳበች። «ወደቅሽ! ውጪ!» አንዷ ትንፋሿን እንዳትስብ ውሃ አፏ ውስጥ ያዘች፤ እኔ ቤሴዴር ስል ትን ብሏት ሁላችንንም አረጠበችን። ሌላዋ አፏን በነጠላ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ከፍ ዝቅ እያለ አጋለጣት። ባለ ብስኩቷ ደግሞ «እኔ ብስኩት ሲሰጠኝ ብቻ ነው የማልስበው» አለች። እኔ መነጽሩ ከአናቴ እየተንሸራተተ፣ እንደ ባለሥልጣን ኮስተር ልል እየሞከርኩ፣ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ያን ቀን ሰዎች ፊት ቆሜ እንደነበር ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ ስተኛ ነው።

በመጨረሻ እማማ ተነሡ።

«በቃ ተዉት። እኔ ይቺን ትንፋሽ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው የተማርኳት። አሁን በስተርጅናዬ መተንፈስ ልማር? ሰውየው አንድ ነገር ቢማር አይቀልም? እኔን አዎ ብለሻል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ማወቅ የፈለገ ሰው ይጠይቃል።»

ጠበቃዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ነበር። «ልክ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እናንተን ለማስተካከል ነበር የምደክመው።»

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችን። በአማርኛ ሰማሁ እና ተስማማሁ የሚሉት ለምን ተመሳሰሉ? ማናችንም አስበንበት አናውቅም ነበር። እውነትም ሁለቱ ቃል ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ መስማማት ማለት እኮ አንዱ ሌላውን መስማት ነው። አንቺም ትሰሚያለሽ፣ እሱም ይሰማል፣ ከዚያ ስምምነት ይሆናል። በዕብራይስጥ ግን አይገናኙም፤ አንዱ ከአንዱ ምንም ዝምድና የለውም። ሰውየው እኛ ስንሰማው ተስማማን አለ፤ እሱ ግን እኛን ገና አልሰማንም። ጠበቃዋ ይህን ስትናገር እኔ ስድስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን የቃላትን ሥር እየመዘዙ ሲያሳዩን የነበረው ትዝ አለኝ፤ ትምህርት ቤት እንደናፈቀኝ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ስለዚህ እንደ ልባችን እንድንተነፍስ፣ ሲያበቃ ግን እያንዳንዳችን በአፋችን እንድንናገር ተወሰነ። «እሰማሃለሁ፤ አልተስማማሁም።» በዕብራይስጥ «አኒ ሾማዓት፤ አኒ ሎ ማስኪማ።» ትላልቆቹ ማስኪማ የምትለዋ አልያዝ አለቻቸው። ባለ ብስኩቷ ደጋግማ «አኒ ሎ ማስቲካ» ትላለች። ማስቲካ አይደለሁም እንደ ማለት ነው። «ይሁንልሽ፣ ማስቲካ እንዳልሆንሽ ይወቅልን፤ አኝኮ እንዳይተፋን» አሉ እማማ።

የቀጠሮው ቀን እህቴ ፋብሪካ ፈቃድ ከለከሏት። አለቃዋን ለመነች፣ ፈረቃ የሚቀይራት ሰው ፈለገች፣ አልሆነም።

«አንቺ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«እኔ አልችልም። ድምፄ አይወጣም፣ ታውቂኝ የለ?»

«ልጅቷን ትወጃታለሽ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«እንግዲያው አፍሽን ክፈቺ።»

ከራሞት ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሯን በልቤ እደግማለሁ። ቢሮው ውስጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ሠርግ አጊጠው ተደርድረዋል። ሰውየው ያው ፈገግታው አለ። ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳል፤ ሴቶቹም ትንፋሻቸውን ይስባሉ፣ አንዷም ራሷን አልከለከለችም። ሰውየው ፊቱ በራ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አውቃለሁ» አለ። «እኛ ስለ ባህላችሁ ኮርስ ወስደናል። ይህ ትንፋሽ እናንተ ዘንድ አዎ ማለት ነው።» ከዚያ ራሱ ሳበ። አወይ፣ እንደ ደነገጠ ሰው አድርጎ ነው የሳበው። እርስ በርሳችን እንዳንተያይ ሁላችንም ወለሉን አየን።

«ጠይቃቸው» አለችው ጠበቃዋ። «እያንዳንዳቸውን።»

እማማ የመጀመሪያዋ ነበሩ። ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይኑን እያዩ «ሾማዓት። ሎ ማስኪማ» አሉ። ቀጣይዋም እንደዚሁ። የባለ ብስኩቷ ተራ ሲደርስ ማስቲካ አለች፤ ሰውየው ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ፤ ጠበቃዋ በደንብ ደገመችለት። ከሴቶቹ ግን ማንም አልሳቀም። እኔ ጋ ሲደርስ ተነሣሁ።

«እህቴ ሥራ ላይ ናት» አልኩ። «እሰማሃለሁ። አልተስማማችም። እኔም አልተስማማሁም።»

«ለምን?» አለኝ።

ለምን የሚለውን አልተለማመድነውም። ሌሎቹን አልጠየቀም፤ እኔን ብቻ ለምን እንደጠየቀኝ እስካሁን አላውቅም። ወጣት ስለሆንኩ ይሆናል፣ ወይም በእህቴ ፈንታ ስለመጣሁ።

በዕብራይስጥ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ ትንሹም ትልቁም አንተ ነው። ያን ቀን ይህ ጠቀመኝ።

«ጠዋት ከደረጃችን ሁለት ልጆች አብረው ይወርዳሉ» አልኩት። «አንዷ የእኛ ናት፣ አንዷ የጎረቤታችን። ትምህርት ሲከፈት ታች ሲደርሱ አንዷ በእግሯ ወደዚህ፣ አንዷ በሚኒባስ ወደዚያ። የእኛዋ ዕብራይስጥ እንድትጠናከር ነው ትላለህ፤ የኔን ዕብራይስጥ እያረመች የምታስተምረኝ እሷ ናት። ለምን እንደሚለያዩ ሲጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ? እኔ መልሱን አላውቀውም። አንተ ና። ጠዋት ደረጃው ሥር ቁምና አንተ ንገራቸው።»

ዕብራይስጤ የተሰባበረ ነበር። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ሳላደርግ አልቀረሁም። ሰውየው መነጽሩን ከአናቱ አውርዶ እጁ ላይ ያገላብጠው ጀመር። ፈገግታው ጠፍቶ ነበር፤ ያኔ ነው ሰው የመሰለኝ። «እናንተ የምትፈልጉት መስሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። እማማ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እሱም አያቸውና «ይህ አሁን ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እየሰማሁህ ነው» አሉት እማማ።

ቶሎ አልተፈታም። ጠበቃዋ ደጋግማ ሄደች፣ ደጋግመን ተጠራን። በመጨረሻ የፈለገ ወላጅ ልጁን ሰፈሩ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ይችላል ተባለ። ያ የብቻ ክፍል ግን አልተዘጋም፤ በሚኒባሱ ምክንያት ልጆቻቸውን እዚያው የተዉ ወላጆች አሉ፤ ሥራቸው ከልጅ መውሰጃ ሰዓት ጋር አልገጠመላቸውም። ሌላ ሰፈር ደግሞ ጭራሽ እንደነበረው ነው። ጠበቃዋ ስታበስረን እንኳ ቅር እንዳላት ነበር። ለእህቴ ስነግራት፣ ብርቱካን ልጣ፣ ነጭ ነጩን ክር ሳይቀር አንሥታ፣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አሁን ልጅቷ አድጋለች። ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ስልክ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። ያቺ የሩሲያዎቹ ልጅ ከእኛ ቤት ለምዳ ትንፋሿን ትስባለች። እናቷ አስም የያዛት መስሏት ሐኪም ዘንድ ወስዳታለች አሉ።

የሐሙሱ ጉባኤ ግን ቀረ። ልጆቹ አደጉ፣ ሚክላቱን ሳይረን ሲበዛ ለሌላ ነገር ማዋል ተከለከለ። ባለ ብስኩቷ ልጇ ራሞት ቤት ገዝቶ ወሰዳት። እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ በልጇ መኪና ታልፍና በመስኮት «ሎ ማስቲካ!» ብላ ትጮህልኛለች። ጠበቃዋ ወደ መሀል አገር ሄደች። ሴቶቹ አሁን በዋትሳፕ ነን። ጥሩ ነው፤ መብት የሚነካ ነገር ሲመጣ ወዲያው ይጻፋል፣ ስብሰባ ሲኖር እንጠራራለን፣ እኔም አንዳንዴ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። ግን በዋትሳፕ ትንፋሽ አይሰማም። አንድ ነገር ጽፌ ስልክ ላይ ፈጥጬ እጠብቃለሁ፤ ማን እየሰማኝ እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ግን፣ ሚክላት ውስጥ፣ ጨለም ባለው ጥግ እንኳ ብናገር፣ ከየወንበሩ ሳብ፣ ሳብ ሲል እሰማ ነበር። ሰው አለኝ እል ነበር።

እማማ ግን የሄዱት ገና ያኔ፣ ልጅቷ አንደኛ ክፍል በምትገባበት በጋ ማለቂያ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሰሜን በኩል ባለ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ብቻዎን አይሁኑ ብሎ ወሰዳቸው። እስከ ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ ተራው ድረስ፣ እኔ ሸኘኋቸው። ሻንጣ አልነበራቸውም፤ ሁሉንም ነገር የገበያ ዘንቢል ውስጥ ከተውታል። ሹፌሩ ዘንቢሉን ከታች አስገቡት ይላል፤ እሳቸው ከጎኔ አይለይም ይላሉ።

«ራጋ፣ ራጋ!» ይሉታል። ቆይ ማለታቸው ነው። «ይህ ሰውዬ የሚቸኩለው መንገዱ ሊያመልጠው ነው?»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እንዳላለቀስኩ ለማስመሰል ስለ ልጅቷ አወራኋቸው። አዲስ ቦርሳ እንደገዛንላት፣ የመጀመሪያ ቀን ሥራ አስፈቅጄ እኔ እንደምወስዳት፣ ክፍሏ ድረስ ገብቼ ወንበሯን ማየት እንደምፈልግ፣ ቢያስፈልግ መስኮት ሥር ቆሜ እንደምውል ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉ መሟገት በኋላ ልጅቷን እዚያ ብቻዋን ትቶ መመለስ ከበደኝ። እማማ ትንፋሻቸውን እየሳቡ ሰሙኝ፤ እያንዳንዷን።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በክረምቱ አረፉ። በስልክ ልጃቸው ነው የነገረን። ስለዚህ ከአፋቸው የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ያ፣ አንድ እግራቸው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እያለ ዞር ብለው ያሉኝ ነው፤

«በሩ ላይ ስትደርሱ እጇን አንቺ ቀድመሽ ልቀቂላት፤ እሷ እስክትለቅሽ አትጠብቂ።»